የቤተሰብ ድምፃዊ ፊልምና ወደ ቪዲዮ የመዛወሩ ታሪክ

ሰዎች በቤታቸው ውስጥ ለራሳቸውና ለዘመዶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን ያነሡት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለብዙ ዘመን ከታሪክ ምንጮች መካከል አልተቈጠረም ነበር። የልደት በዓል፥ የሠርግ ግብዣ፥ በባሕር ዳርቻ የሚጫወቱ ልጆች፥ ይህን የመሰለው ሁሉ ለባለቤቱ እንጂ ለተመራማሪ አይጠቅምም ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል። የሕዝብን ኑሮና ልማድ የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን እያደር ዋጋውን ተረዱት። ማዕድ እንዴት እንደሚቀርብ፥ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ፥ ታናሽ ለታላቅ እንዴት እንደሚነሣ፥ ለማሳየት ሳይታሰብ ተቀርጾ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ፊልም ውስጥ ነው። ከዚሁም መካከል ድምፅ የተቀዳበት ክፍል ጥቂት ነው፤ በብዛት የተሠራበትም ዘመን ከሩብ ምዕት ዓመት አይበልጥም። ወደ ቪዲዮ ሲዛወር የደረሰበት ጉዳት ግን ድምፅ አልባው ፊልም ከደረሰበት የተለየና የከፋ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለዚሁ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

በ1923 የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ፊልምና ለእርሱ የሚሆነውን ካሜራ ባወጣ ጊዜ፥ ሲኒማ ማንሣት ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ባለጠጋ ቤት ገባ። በ1932 ያው ኩባንያ ይህንኑ ፊልም መጀመሪያ በአንዱ ጐን፥ ቀጥሎም ገልብጠው በሌላው ጐን እንዲያነሡበት፥ ከታጠበም በኋላ ለሁለት ተሰንጥቆ እንዲቀጠል አድርጎ 8 ሚሊሜትሩን አወጣ። ወጪው በዚህ ስለ ቀነሰ ፊልም ማንሣት መካከለኛ ኑሮ ላለው ሰው ደረሰው። በ1965 የወጣው ሱፐር 8 ደግሞ በፕላስቲክ ካርትሪጅ ታሽጎ ይሸጥ ስለ ነበረ፥ ፊልሙን የማጕረሱ ችግር ቀረ፤ ካርትሪጁን ካሜራው ውስጥ መክተት ብቻ በቂ ሆነ። አንዱ ካርትሪጅ 15 ሜትር ፊልም ይይዛል፤ ይህም 3,600 ሥዕል ነው። በሴኮንድ 18 ሥዕል ሲነሣበት ከ3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ አያልፍም። አንድ ሙሉ የበዓል ቀን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ እንዲገባ አንሺው ምን እንደሚያነሣና ምን እንደሚተው መምረጥ ነበረበት።

ይህ ሁሉ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በፊልሙ ፊት ዝም ብሎ አይቀመጥም ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ፕሮዤክተሩ መሽከርከር ሲጀምር እናት ወይም አያት «ይኸ እገሌ ነው፥ ያን ጊዜ ገና ጥርስ አላወጣም» እያለች ታስረዳለች፤ ሌላው ያርማታል፤ ሦስተኛው ይስቃል። ትረካው ከፊልሙ ጋር አብሮ የሚኖር የቃል ትውፊት ነበር ማለት ይቻላል። ተራኪዎቹ ሲሞቱ ፊልሙ ቀርቶ ትውፊቱ ጠፋ። ዛሬ በብዙ ቤተ መዛግብት ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች የሚታዩባቸው ጥቅሎች የተከማቹት በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፅ ወደ ቤተሰብ ፊልም የገባው በሁለት መንገድ ሲሆን፥ ተመራማሪው ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዳያይ መጠንቀቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው መንገድ ፊልሙ ተነሥቶና ታጥቦ ካለቀ በኋላ በጠርዙ ላይ የማግኔት መስመር ማስለጠፍ ነው። ይህ መስመር እንደ ነጠላ ጥለት በፊልሙ ዳር የሚሄድ፥ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ፥ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ነው። ባለቤቱም መስመሩ ከተለጠፈለት በኋላ ድምፅ መቅዳት በሚችል ፕሮዤክተር ፊልሙን እያየ በማይክሮፎን ይናገርበታል፤ ሙዚቃም ይጨምርበታል። እንዲህ ያለው ድምፅ የሥዕሉ ሰዓት ድምፅ ሳይሆን፥ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በሥዕሉ ላይ የተሰጠ ትርጓሜ ነው። ዋጋው ግን በዚህ አያንስም። አንድ አሜሪካዊ አባት ዳውን ሲንድሮም ያለበትን ልጁን በ1960ዎቹና ከዚያም በኋላ እያነሣ የሰበሰበው ፊልም፥ በልጅ ልጁ እጅ ተጠናቅቆ «ቲንክ ኦፍ ሚ ፈርስት አዝ ኤ ፐርሰን» በሚል ስም በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ተመልካቹን የሚይዘውም ከሥዕሉ ባላነሰ የአባትየው ንግግር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉንና ድምፁን በአንድ ጊዜ መቅዳት ነው። በ1960 ፌርቻይልድ የተባለው ኩባንያ በ8 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ አውጥቶ ነበር፤ ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ግን ብዙ አልተስፋፋም። ነገሩ የሕዝብ የሆነው በ1973፥ ኮዳክ ኤክታሳውንድ ብሎ የሰየማቸውን የሱፐር 8 ካሜራዎች ባወጣ ጊዜ ነው። የማግኔቱ መስመር ከፋብሪካው ተለጥፎ ስለሚመጣ ባለ ካሜራው ማይክሮፎን ከመሰካት በቀር ሌላ ድካም አልነበረበትም። የድምፃዊው ካርትሪጅ ቁመት ከፍ ስለሚል በአሮጌው ካሜራ ውስጥ አይገባም፤ አሮጌው ካርትሪጅ ግን በአዲሱ ካሜራ ይሠራል። በፊልሙ ሌላው ጠርዝ ጥቅልሉ ወደ አንድ ወገን እንዳያብጥ ብቻ የተለጠፈ ቀጭን ማመዛዘኛ መስመር ነበር፤ ኋላ የወጡ አንዳንድ ፕሮዤክተሮች በእርሱም ላይ ሁለተኛ ድምፅ ይቀዱበት ጀመር። ስለዚህ በአንድ ፊልም ላይ፥ በአንዱ ጠርዝ የዕለቱ ድምፅ፥ በሌላው የኋለኛው ዘመን ትረካ ሊገኝ ይችላል። የብራና መጽሐፍ የሚመረምር ሰው በኅዳጉ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈውን ከመጽሐፉ ቃል እንደሚለይ፥ ይህንም መለየት ያስፈልጋል።

የኤክታሳውንድ ዘመን ለኑሮ ጥናት ያመጣው ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም። በድምፅ አልባው ፊልም ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ካሜራውን የያዘው ነው። ብዙውን ጊዜ የቤቱ አባት ስለሚሆን ልጆቹ በፊልም የተሞላ ሣጥን ሲወርሱ የአባታቸውን መልክ በጥቂት ቦታ ብቻ ያገኛሉ። ድምፃዊው ፊልም ይህን ጕድለት ገለበጠው። ማይክሮፎኑ በካሜራው ላይ ወይም በአጠገቡ ስለሚሆን ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚሰማው አንሺው ነው፤ «ወደዚህ ተመልከት»፥ «ኬኩን አሁን አምጪው»፥ «በቃ፥ ፊልሙ ሊያልቅ ነው» ሲል ይሰማል። ማን ማንን እንደሚያዝ፥ ሚስት ለባሏ ትእዛዝ ምን እንደምትመልስ፥ ልጅ በምን ቃል እንደሚጠራ፥ በስደተኛ ቤት ውስጥ ለልጆች የሚነገረው የትኛው ቋንቋ፥ ለጎረቤት የሚነገረው ደግሞ የትኛው እንደ ሆነ፥ ይህን ሁሉ ሥዕል ብቻውን አይናገርም። ድምፁም ንጹሕ አይደለም፤ የካሜራው ሞተር ከበስተኋላ ያጓራል። ብዙዎቹ ካሜራዎች የድምፁን መጠን በራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጉ ስለ ነበረ፥ ሰዎቹ ዝም ባሉ ቍጥር የሞተሩ ጩኸት እየጐላ ይመጣል።

የሳይንስ ሰዎችም መሣሪያውን አልናቁትም። ሪቻርድ ሊኮክ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1970ዎቹ በሱፐር 8 ሥዕልና ድምፅ የሚያስተባብር መሣሪያ ለመሥራት ደክሟል፤ ፈረንሳዊው የሕዝብ ኑሮ ተመራማሪ ዣን ሩሽም በ1978 በሞዛምቢክ የአገሩ ወጣቶች ራሳቸው በሱፐር 8 እንዲያነሡ የሚያስተምር ዐውደ ጥናት አቋቁሟል።

የማዛወሩን ችግር ለመረዳት ስለ ፊልሙ አሠራር አንድ ነገር ማወቅ ግድ ነው። ሥዕሉ በካሜራው መስኮት ፊት በሴኮንድ 18 ጊዜ እየቆመ እየተነሣ ያልፋል፤ ድምፅ ግን እንዲህ እየተቈራረጠ ሊቀዳ አይችልም፥ በአንድ ልክ ያለ ማቋረጥ መሄድ አለበት። ስለዚህ የድምፁ ማንበቢያ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በሱፐር 8 ላይ ድምፁ ከሥዕሉ 18 ሥዕል ቀድሞ ይገኛል። በ18 ፍጥነት ይህ ልክ አንድ ሴኮንድ ነው። ፊልሙን በመቀስ የሚቈርጥ ሰው የሥዕሉን መጨረሻ አይቶ ቢቈርጥ፥ የአንድ ሴኮንድ ንግግር ለሌላ ሥዕል ይተዋል። በብዙ የቤተሰብ ፊልሞች ውስጥ አንዲት ሴት አፏን ስትከፍት በፊተኛው ትዕይንት የነበረው ሰው ድምፅ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የመዘዋወር ጉዳት ሳይሆን በጥንቱ መቀስ የተሠራ ስሕተት ስለ ሆነ፥ አስተካክላለሁ ብሎ ከዋናው ላይ መነካካት አይገባም።

በ1975 ሶኒ ቤታማክስን፥ በ1976 ጄ.ቪ.ሲ. ቪ.ኤች.ኤስ.ን ካወጡ በኋላ የቤት ሲኒማ ዕድሜ አጠረ። በ1983 ካሜራና መቅጃ በአንድነት የያዘ የቪዲዮ መሣሪያ ለገበያ ሲቀርብ፥ በ3 ደቂቃ ካርትሪጅ ፈንታ የሰዓታት ቴፕ የሚፈልገው ሕዝብ ፊልሙን ተወው። ኮዳክም ድምፃዊውን የሱፐር 8 ፊልም በ1997 አቆመ። ፕሮዤክተሮች ጎማቸው እየተበጠሰ፥ አምፑላቸው እየተቃጠለ በየመጋዘኑ ተጣሉ። በዚህ ጊዜ በአሜሪካና በአውሮጳ ከተሞች አሮጌ ፊልም ተቀብለው በቪዲዮ ቴፕ አዛውረው የሚመልሱ ሱቆች በዙ። ሕዝቡም ሥራውን እንደ ቀላል ነገር ቈጠረው፤ ፊልሙን በነጭ ሰሌዳ ላይ አሳይቶ በቪዲዮ ካሜራ መቅዳት ምን ችግር አለው የሚል ነበር።

ችግሩ የሁለቱ ፍጥነት አለመመሳሰል ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዐት፥ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተባለው፥ በሴኮንድ 60 ገደማ ግማሽ ሥዕሎች ይቀዳል፤ በአብዛኛው አውሮጳና በኢትዮጵያ የተለመደው ፓል ግን 50 ነው። በሴኮንድ 18 ሥዕል የሚያሳይ ፕሮዤክተር ብርሃኑን በሦስት ክንፍ መጋረጃ እየጋረደ 54 ጊዜ ብልጭ ያደርጋል። 54 ከ60ም ከ50ም ጋር ስለማይስማማ በቪዲዮው ላይ ሥዕሉ ይርገበገባል። ሱቆቹ ያገኙት መድኀኒት ፕሮዤክተሩን ማፍጠን ወይም ማዝገም ነው። በአሜሪካ ወደ 20 ከፍ ቢል ሦስት ጊዜ 20 ልክ 60 ይሆናል፤ በፓል አገር ወደ 16⅔ ዝቅ ቢል 50 ይሆናል። ሥዕሉ ረጋ፤ ደንበኛውም ተደሰተ።

ለድምፅ አልባው ፊልም ይህ መድኀኒት እምብዛም አይጐዳም፤ ልጅ በጥቂቱ ፈጥኖ ቢሮጥ የሚያስተውል የለም። በድምፃዊው ፊልም ላይ ግን ማግኔቱ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚፈጥን ድምፁም አብሮ ይለወጣል። ከ18 ወደ 20 የተዛወረ ካርትሪጅ በ3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ፈንታ በ3 ደቂቃ ልክ ያልቃል፤ ድምፁም በመቶ 11 ይቀጥናል፥ ይህም በሙዚቃ ልክ ሁለት ግማሽ ቶን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ወደ 16⅔ የወረደው ደግሞ 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይፈጅና ድምፁ ከአንድ ግማሽ ቶን በላይ ይወፍራል። የሽማግሌው ድምፅ የጎልማሳ፥ ወይም የወጣቲቱ ድምፅ የባልቴት ይመስላል። ከንፈርና ድምፅ አብረው ስለሚሄዱ ግን ስሕተቱ ራሱን አይገልጥም፤ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል። የከፋው ይህ ነው። ዘፈን ለሚያጠናው ሰው ጉዳቱ በከፊል ነው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ቅኝቱ ይታወቃል፥ ዘፋኙ የጀመረበት ከፍታና የዘፈኑ ፍጥነት ግን የሐሰት ናቸው። በ24 ፍጥነት የተነሣው ፊልም ዕድሉ የተሻለ ነበር፤ በአሜሪካ አምስት ክንፍ ባለው መጋረጃ ፍጥነቱ ሳይነካ ተዛውሯል፥ በፓል አገር ወደ 25 ቢፈጥንም ለውጡ በመቶ 4 ብቻ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ፊልሙ ቶሎ ስለሚያልቅ አብዛኛው ቤተሰብ ፊልም ለመቈጠብ በ18 ያነሣ ነበር።

ከዚህም የባሰ ሥራ ነበረ። አንዳንዱ አዛዋሪ ቡናማውን መስመር ልብ ሳይል ፊልሙን በድምፅ አልባ ፕሮዤክተር አሳልፎ፥ ባዶ እንዳይሆን ብሎ የፒያኖ ሙዚቃ ጨምሮበታል። ቤተሰቡም ፊልማችን ድምፅ የለውም ብሎ አምኖ ኖሯል። ሌላው ድምፁን በገመድ ከፕሮዤክተሩ በመውሰድ ፈንታ ክፍሉ ውስጥ በቆመ ማይክሮፎን ስለ ቀዳ፥ በንግግሩ ላይ የፕሮዤክተሩ ጩኸት ተደርቧል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም እንግዳ አይደለም። ከ1974 አብዮት በኋላ ብዙ ሰው በአሜሪካ ስለ ተቀመጠ፥ በዚያ በኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተዛወረ ቴፕ አዲስ አበባ ለሚገኝ ዘመድ ሲላክ በፓል መሣሪያ አይታይም፤ ሁለቱን ሥርዐት የሚያነብ መሣሪያ ማግኘት፥ አለዚያም ከ525 መስመር ወደ 625 መስመር እንደ ገና ማዛወር ያስፈልግ ነበር። የቅጂ ቅጂ የሆነው ቴፕ ሥዕሉ እየደበዘዘ፥ ድምፁም እየታፈነ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሊታረም ይችል ነበር፥ ዋናው ፊልም ቢቀመጥ። በአገራችን ደብር ውስጥ ያረጀ ብራና ሲገለበጥ ጸሐፊው አዲሱን ጨርሶ አሮጌውን እሳት ውስጥ አይከትም፤ ቃል በተጠራጠረ ጊዜ የሚመለሰው ወደዚያው ነው። በቪዲዮ ዘመን ግን ብዙ ቤተሰብ ቴፑን ከተቀበለ በኋላ ፊልሙ ሥራው አልቋል ብሎ ጣለው። ቴፑ ደግሞ ከፊልሙ ቀድሞ አረጀ፤ የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ መሥራቱን የቀጠለው የመጨረሻው ፋብሪካ፥ የጃፓኑ ፉናይ፥ በ2016 ሥራውን አቁሟል። የተቀመጠውም ፊልም ቢሆን ጠላት አለበት። አብዛኛው የተሠራበት አሲቴት በሙቀትና በእርጥበት ይበሰብሳል፥ ኮምጣጤ ኮምጣጤም ይሸታል፤ በማግኔቱ መስመር ውስጥ ያለው ብረት ይህን መበስበስ ያፋጥናል። ድምፅ የተቀዳበት ፊልም ድምፅ ከሌለው ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው በድምፁ ምክንያት መሆኑ አሳዛኝ ነው። መስመሩም እየተላቀቀ እንደ ክር ይወርዳል፤ በማይስማማው ፈሳሽ ያጸዳው ሰው ቢኖር ከነድምፁ ይታጠባል። ከ2003 ጀምሮ የፊልም ቤተ መዛግብት ሠራተኞች «የቤተሰብ ፊልም ቀን» ብለው በየዓመቱ ሕዝቡን እየሰበሰቡ ፊልሙን እንዳይጥል የሚመክሩት ይህን አይተው ነው።

በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት መሣሪያ ፊልሙን አያሳይም፤ እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው ያነሣል፥ ድምፁንም ለብቻው ያነባል፥ በኋላም የ18ቱን ሥዕል ርቀት አስልቶ ያገናኛቸዋል። የፍጥነቱ ነገር ከቪዲዮው ባርነት ወጣ። የቀረው ጥያቄ ካሜራው በዚያች ዕለት በእርግጥ በስንት ፍጥነት ይዞር ነበር የሚለው ነው፤ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ሞተር 18 ተብሎ ቢጻፍበትም ልክ 18 አይሆንም። ጥያቄው በድምፅ አልባው ፊልም ላይም ከባድ ነው። በኖቬምበር 22 ቀን 1963 በዳላስ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ አብርሃም ዛፕሩደር በ8 ሚሊሜትር ያነሣቸው 486 ሥዕሎች ስንት ሴኮንድ እንደሚሆኑ ለማወቅ፥ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ካሜራውን ራሱን መፈተን ነበረበት፤ በሴኮንድ 18.3 ሆኖ ተገኘ።

የቤተሰቡ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ የለም። በዚያ ፈንታ ድምፃዊው ፊልም በውስጡ ምስክር ሊይዝ ይችላል። በኤሌክትሪክ መብራት አጠገብ የተቀዳ ድምፅ ከበስተኋላው ዝዝ የሚል ነገር ይኖረዋል፤ ይህም በአሜሪካ በሴኮንድ 60 ጊዜ፥ በኢትዮጵያና በአውሮጳ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ኀይል የመጣ ነው። በአሜሪካ ቤት የተነሣ ፊልም በ18 ሲነበብ ይህ ድምፅ 62 ሆኖ ቢገኝ፥ ካሜራው ያን ቀን ዘግይቶ፥ በ17.4 ገደማ ሲዞር እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ፍጥነቱ በዚያ ልክ ሲታረም የተናጋሪውም ድምፅ ወደ ቦታው ይመለሳል። አድማጩ ያ ድምፅ በመጀመሪያው ቀን የገባ እንጂ በኋላ በማዛወር ጊዜ የተጨመረ አለመሆኑን አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ሁለቱ ተደራርበው የተገኙበትም ጊዜ አለ። ከቤት ውጭ፥ መብራት በሌለበት የተነሣ ፊልም ይህ ምስክር የለውም። ያን ጊዜ የሚጠየቁት የተናጋሪውን ድምፅ በሕይወት ሳለ የሚያውቁ የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙ በልዩ ልዩ ፍጥነት እየተሰማላቸው የቱ እርሱን እንደሚመስል ይናገራሉ፥ መልሳቸውም ከፊልሙ ጋር ይመዘገባል።